አካል ጉዳተኛ ዕጩ መምህራንና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ከሚሰጡት የትምህርት ዓይነቶች አንዱ እንደ መሆኑ መጠን፣ ማንኛውም ዕጩ መምህር ሊማረውና በኋላም ሊያስተምረው የሚገባ መሆኑ የታወቀ ነው። በተግባር ግን ከዚህ ደንብ ውጭ የሚቀሩ ሠልጣኞች አሉ። ዓይነ ስውር የሆነ፣ እግሩ የሰለለ፣ በክራንች የሚሄድ ወይም ክንዱ የተቆረጠ ሠልጣኝ ወደ ኮሌጅ በገባ ጊዜ ከሜዳ ትምህርት ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይጻፍለታል። ጓደኞቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ እርሱ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ወይም ልብስና ደብተር ይጠብቃል። በሴሚስተሩ መጨረሻ ስለ ስፖርት ታሪክ ወይም ስለ ጤና አጠባበቅ በጽሑፍ ተፈትኖ ነጥብ ይሞላለታል። ወረቀቱን የሚጽፉት ሰዎች ክፉ አሳብ የላቸውም። ይህ ጸሐፊ ራሱ እንዲህ ያለውን ወረቀት ለብዙ ዓመታት ሲፈርም ኖሯል፤ ሲፈርምም ለሠልጣኙ የራራለት ይመስለው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ርኅራኄ የሚያስከትለውን ጉዳት ማመልከት፣ ሠልጣኙንም ከትምህርቱ ነፃ በማድረግ ፈንታ ትምህርቱን ከሠልጣኙ ሁኔታ ጋር ማስማማት እንዴት እንደሚቻል ማስረዳት ነው። ጸሐፊው የሚያውቀው የአርሲን ደጋ ስለሆነ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከዚያው የተወሰዱ ናቸው።

ከሳጉሬ የታየው

ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ በዓለም ዘንድ የታወቀው ግን በሯጮቹ ነው። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ አካባቢ የወጡ ናቸው። በበቆጂ ብዙ ሯጮችን ገና በልጅነታቸው ለይተው ያወጡት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ አስቀድሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር እንደ ነበሩ ልብ ይሏል። መምህር በሜዳ ላይ ቆሞ ልጆቹን ሲመለከት የሚያስተውለው ነገር ምን ያህል ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ከሜዳው ዳር የተቀመጠ ልጅ ግን ይህ ዓይን አያርፍበትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ጸሐፊ ለማስተማር ልምምድ የተመደቡ ሠልጣኞችን ለመከታተል በሳጉሬ አቅራቢያ ወደሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ ነበር። ከሠልጣኞቹ አንዱ ዓይነ ስውር ነበረ። ይህ ሠልጣኝ በሦስተኛ ክፍል ቋንቋ ሲያስተምር ክፍሉን በጸጥታ የመያዝ ችሎታው ከዓይናሞቹ ጓደኞቹ ቢበልጥ እንጂ አያንስም ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግን ሌላ ሠልጣኝ ተተክቶ ልጆቹን ወደ ሜዳ ይዞ ወጣ፤ እርሱ በክፍሉ ደጃፍ ቆሞ ቀረ። ከተማሪዎቹም መካከል አንድ እግሯ የሰለለ ልጅ ከሜዳው ዳር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሌሎቹን ሹራብ ታቅፋ ትጠብቅ ነበር።

ሠልጣኙ የልጅቱን በዚያ መቀመጥ ያወቀው፣ ሌሎቹ ሹራባቸውን ሲያስረክቧት ስሟን ሲጠሩ ሰምቶ ነው። በኋላ ስለ ዕለቱ ትምህርት ስንወያይ ልጅቱ ለምን እንዳልተጫወተች ጓደኛውን ጠየቀው። «እግሯ አይችልም፤ ምን ላድርጋት?» የሚል መልስ ተሰጠው። ከዚህ በኋላ ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ «መምህር፣ እኔም ብሆን ምን እንደማደርጋት አላውቅም። በኮሌጅ የምሠራው እርሷ የምትሠራውን ነው፤ ልብስ እጠብቃለሁ» አለ።

በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር አብዛኞቹን የትምህርት ዓይነቶች ብቻውን የሚያስተምር መሆኑ አይዘነጋም። በልምምድ ጊዜ ተተኪ ሠልጣኝ ይገኛል፤ ከምረቃ በኋላ በገጠር ትምህርት ቤት የሚገኝ ተተኪ ግን የለም። እንግዲህ ነፃ የተደረገው ሠልጣኝ በመምህርነት ሲመደብ፣ ወይ የሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ይውላል፤ ወይም ልጆቹ ኳስ ተሰጥቷቸው ያለ መምህር ይለቀቃሉ። ዓይናማውም ሠልጣኝ ቢሆን ከጉዳቱ አላመለጠም። እርሱ በኮሌጅ ቆይታው አካል ጉዳተኛ ጓደኛው በሜዳ ላይ ሲሠራ አይቶ ስለማያውቅ፣ በክፍሉ የሚያገኛትን ልጅ በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ደንብ ይመስለዋል። አንድ የነፃነት ወረቀት ሁለት መምህራንን ሳይሠለጥኑ ያስቀራል ማለት ነው፤ ከእነርሱ ሥር የሚያልፉትን ልጆች ቁጥር አንባቢው ራሱ ሊገምት ይችላል።

ተስማሚ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ምንድር ነው?

ተስማሚ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ስንል፣ የትምህርቱ ዓላማ ሳይለወጥ፣ ወደ ዓላማው የሚያደርሰው መንገድ ለተማሪው አካል እንዲስማማ ተደርጎ የሚሰጥ ትምህርት ማለታችን ነው። የሐኪም ቤት የአካል ማገገሚያ ሕክምና አይደለም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ለሻምፒዮና ማዘጋጀትም አይደለም። የመደበኛው ትምህርት ዓላማ ለምሳሌ የልብንና የሳንባን ብርታት ማዳበር ከሆነ፣ መሮጥ ለዚህ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ብቻ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር መገስገስ ወይም ተቀምጦ ክንድን በፍጥነት ማሠራት ወደዚያው ያደርሳል። መምህሩ በቅድሚያ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው፣ «ይህን መልመጃ የምሰጠው ምን እንዲያስገኝ ነው?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላገኘ መምህር ማስማማት አይችልም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለጤናማውም ተማሪ በሚገባ አላስተማረም።

የአሠራሩ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ያክሙ የነበሩት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት በሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. 16 ተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎችን በቀስት ውድድር አሰለፉ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግራቸው ማራቶን ባሸነፉባት በሮም ከተማ፣ ከስምንት ቀን በኋላ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ውድድር ተከፈተ። ሻምበል አበበ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቻቸው ሽባ በሆኑ ጊዜ የታከሙት በዚያው በስቶክ ማንድቪል ነው፤ በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተደረገው ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተካፈሉ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተሽቀዳድመው አሸነፉ። እኛ በትምህርት ቤቶቻችን የሮሙን ድል ለልጆች እንተርካለን፤ የኋለኛውን ግን እንደ አሳዛኝ መጨረሻ እንዘለዋለን። ለመምህር ግን የሚጠቅመው የኋለኛው ነው፤ እግር ሲቀር ሥራው ወደ ክንድ ተዛወረ እንጂ አልተቋረጠምና።

በቅርብ ዘመን በውድድር በኩል የተገኘውም ውጤት የሚናቅ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በለንደን ወንድዬ ፍቅሬ በክንድ ጉዳት ምድብ በ1,500 ሜትር የብር ሜዳልያ በማግኘት ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ሜዳልያ አስገኘ። ማየት በከፊል የተሳነው ታምሩ ደምሴ በ2009 ዓ.ም. መስከረም በሪዮ በዚያው ርቀት ሁለተኛ ሲወጣ የሮጠበት ሰዓት 3 ደቂቃ ከ48.49 ሴኮንድ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ በዚያችው ከተማ የኦሊምፒኩ አሸናፊ የገባበት 3 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ነው። (የኦሊምፒኩ ሩጫ አዝጋሚ እንደ ነበረ መግለጥ ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን መታየታቸው አይከፋም።) ትዕግሥት ገዛኸኝ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ የአገራችንን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ አገኘች፤ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስም ደገመችው። በፓሪስ ሙሉ በሙሉ ማየት በተሳናቸው ሴቶች ምድብ ያየሽ ጌቴ ከመሪ ሯጭዋ ጋር ሮጣ ሌላ ወርቅ ጨመረች።

ስለ ሜዳልያ ይህን ያህል ከተባለ ይበቃል። ኮሌጅ ሯጭ የሚያወጣበት ቦታ አይደለም፤ መምህር የሚያወጣበት ነው።

በሜዳ ላይ ያለው አሠራር

ማስማማት ማለት ሁሉን ነገር መለወጥ ማለት አይደለም። የሚለወጠው ቦታው፣ መሣሪያው፣ የጨዋታው ደንብ፣ የትእዛዙ አሰጣጥ ወይም ጊዜው ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህም ውስጥ መለወጥ ያለበት የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ክንዱ የተቆረጠ ሠልጣኝ ሩጫን እንደ ማንም ሰው ሊሮጥ ሲችል፣ ስለ ክንዱ ተብሎ ከሩጫ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በተግባር ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነው።

ማየት ለተሳናቸው ሠልጣኞች መምህሩ ዓይን የሚሠራውን ሥራ ለጆሮና ለእጅ ማከፋፈል ይኖርበታል። ከሩጫ እንጀምር። ዓይነ ስውሩና መሪው ጎን ለጎን ሆነው አንድ አጭር ገመድ ከሁለት ወገን ይይዛሉ፤ የጫማ ክር ለዚህ ይበቃል። መጀመሪያ በርምጃ ይለማመዳሉ፤ የእጃቸው ውዝዋዜ ሲገጥም ወደ ሶምሶማ፣ ከዚያም ወደ ሩጫ ይሸጋገራሉ። መሪው «ጉድጓድ አለ»፣ «ወደ ግራ ይታጠፋል» እያለ በአጭር ቃል ይናገራል እንጂ አይጎትትም፤ በውድድር ደንብም ቢሆን መሪው ከሚመራው ሯጭ ቀድሞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ አይፈቀድለትም። በደጋው አገር ሁለት ሰዎች በአንድ ፍጥነት ብዙ ርቀት እንዲሮጡ ከተፈለገ መሪው የተሻለ ትንፋሽ ያለው መሆን አለበት፤ እየሮጠ መናገር ይኖርበታልና። በአርሲ እንዲህ ያለ መሪ ማግኘት አይቸግርም። መሪዎቹን በየሳምንቱ ማፈራረቅ የሚያስገኘው ሌላም ጥቅም አለ፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ከክፍሉ ሠልጣኞች ብዙዎቹ መምራትን ተምረው ይገኛሉ።

ኳስን በተመለከተ፣ ድምፅ የማያሰማ ኳስ ለዓይነ ስውር የሌለ ያህል ነው። ውስጡ ቃጭል ያለበት ኳስ ከውጭ አገር ይመጣል፤ ዋጋው ግን ከትምህርት ቤት አቅም በላይ ነው። ማንኛውም የአገራችን ልጅ የሚሠራው የጨርቅ ኳስ፣ የለስላሳ ቆርኪዎች በትንሽ ጣሳ ውስጥ ተደርገው በመካከሉ ቢቀበሩበት፣ ሲንከባለል ይንኳኳል። ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ፤ ተራውን ኳስ በፌስታል ጠቅልሎ ማሰር ነው፤ በሣር ላይ ሲሄድ ይንኮሻኮሻል። እንዲህ ባለ ኳስ ጎልቦል የተባለውን ጨዋታ ማስተማር ይቻላል። ጎልቦል በ1938 ዓ.ም. ገደማ በጦርነት ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮች የተፈለሰፈ ነው። ሦስት ሦስት ሆነው የሚሰለፉ ሁለት ቡድኖች በ18 ሜትር ርዝመትና በ9 ሜትር ስፋት ሜዳ ላይ ኳሱን ወደ ተቃራኒው ጎል እያንከባለሉ ይወረውራሉ፤ ተከላካዮቹ ድምፁን አዳምጠው በሰውነታቸው ተዘርግተው ይመልሳሉ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ዓይናቸውን ስለሚሸፈኑ ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ እኩል ይሆናሉ፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይናሞቹ ይሸነፋሉ። ሲጫወቱ ተመልካቹ ዝም ማለት አለበት። ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ የእኛ ተመልካች ዝም ማለትን አልለመደም።

የሜዳው ወሰን በኖራ ብቻ ሲሰመር በእጅም በእግርም አይዳሰስም። ቀጭን ገመድ በመሬት ላይ ዘርግቶ ጫፍና ጫፉን በችካል ወጥሮ በላዩ ኖራ ቢነሰነስ፣ ዓይናማው በዓይኑ፣ ዓይነ ስውሩ በእግሩ ያገኘዋል። አንድን እንቅስቃሴ ለማሳየት መምህሩ «እንዲህ አድርጉ» ቢል ለዓይነ ስውር ትርጉም የለውም። የአካል ክፍሉን ስም ጠርቶ መናገር፣ አስፈላጊም ሲሆን ሠልጣኙ በፈቃዱ የሚያሳየውን ሰው ክንድ ወይም ትከሻ ዳስሶ እንዲረዳ ማድረግ ይገባል። ሳይነግሩ ዓይነ ስውርን መያዝና ማዞር ነውርም አደጋም ነው።

በእግር ጉዳት ላለባቸው ሠልጣኞች ተሽከርካሪ ወንበርን ብቻ ማሰብ አይበቃም። ወንበሩ በሚገኝበት ጊዜ እንኳ በክረምት ጭቃ ውስጥ አይነዳም። በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉ የሚሻለው ተቀምጠው የሚጫወቱት መረብ ኳስ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ተጫዋቹ ኳስ ሲመታ መቀመጫው ከመሬት አይነሣም። የተለመደው የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ሲሆን የዚህኛው 10 በ6 ሜትር ነው፤ የመረቡም ቁመት ለወንዶች 1.15 ሜትር፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ነው። በሁለት ችካል መካከል የተወጠረ ገመድ መረቡን ይተካል። ሁሉም ሠልጣኞች፣ ሁለት ጤናማ እግር ያላቸውም ጭምር፣ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ በእጃቸው እየተገፉ በመሬት ላይ መንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚያደክም በአንድ ክፍለ ጊዜ ይረዳሉ። በክራንች መሄድ የለመደ ሠልጣኝ ክንዱና ትከሻው ጠንካራ ስለሆነ በዚህ ጨዋታ ላይ ብልጫ ሲያሳይ ብዙ ጊዜ ታይቷል። አሎሎና ጦር ውርወራም በችካል በታሰረ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሠራ ይችላል። ወንበሩ መንሸራተት የለበትም፤ የወረወረው ሰው ክንድ የሰጠውን ኃይል ወንበሩ መልሶ ይበላዋልና።

መስማት ለተሳናቸው የሚያስፈልገው ለውጥ ጥቂት ነው። ፊሽካ በባንዲራ ይተካል። መምህሩ ሲናገርም ሆነ በምልክት ቋንቋ ሲያስረዳ ፀሐይ በራሱ ፊት ላይ እንድታርፍ አድርጎ መቆም አለበት፤ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ የቆመ መምህር እጁም ከንፈሩም አይታይም። በማጅራት ገትር ምክንያት መስማት ከተሳናቸው አንዳንዶቹ የሚዛን ችግር ስለሚኖርባቸው፣ ከፍ ባለ ነገር ላይ መራመድ ሲታዘዙ ጥንቃቄ ያሻል።

ዓይነ ስውር መምህር በሜዳ

እስካሁን የተነገረው ሠልጣኙ እንዴት እንደሚማር ነው። የሳጉሬው ሠልጣኝ ያነሣው ጥያቄ ግን እንዴት እንደሚያስተምር ነበር፤ ይህም በመጻሕፍት ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። በቀሩት የልምምድ ሳምንታት እርሱና ጓደኞቹ ሞክረው ያገኙትን እዚህ ላይ መግለጥ የሚጠቅም መሰለን።

መጀመሪያ ልጆቹን ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ በጥንድ በጥንድ አቆማቸው። በየጥቂት ደቂቃው ከበሮ ሲመታ ልጆቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ቁጥራቸውንም በተራ ይጠራሉ፤ እርሱም ድምፃቸውን ሰምቶ የጎደለ መኖሩንና ማን የት እንደ ሆነ ያውቃል። ሁለተኛም፣ የሚጫወቱበትን ቦታ በገመድ ከለለ፤ ከገመዱ መካከል ሆኖ ማስተማሩ ከዳር ሆኖ ከማስተማር እንደሚሻል ተረዳ፤ ድምፅ ከሁሉ አቅጣጫ ይደርሰዋልና። በየክፍለ ጊዜው ሁለት ልጆች ተራ እየገቡ ያዩትን ይነግሩታል። ኳስ ሲቀባበሉ ተቀባዩ በኦሮምኛ «ኮቱ አስ»፣ ወዲህ ና እንደ ማለት፣ ብሎ እንዲጮኽ ደንብ አወጣ፤ ኳሱ የሚሄድበትን መንገድ ልጆቹም እርሱም በድምፅ ይከተሉታል።

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካም። ተቀምጠው እንዲጫወቱ አዝዞ ሳለ ሣሩ በሌሊቱ ዝናብ ርሶ ስለ ነበረ ልጆቹ አንድ በአንድ ተነሡ፤ ኳሱም ከገመዱ አልፎ ሄዶ ጨዋታው ፈረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ከየቤታቸው ባዶ ማዳበሪያ ይዘው መጥተው በዚያ ላይ ተቀመጡ። እግሯ የሰለለው ልጅ ከሌሎቹ ጋር በክቡ ውስጥ ነበረች። ኳስ መቅለብ ስላልለመደች ደጋግማ ሳተች፤ ልጆቹም ሳቁባት። ሠልጣኙ የሳቁን ምክንያት ጠይቆ ከተረዳ በኋላ አልተቆጣም፤ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲቀልቡ አዘዘ፤ ሁሉም ሳቱ። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ ትቀልብ ነበር።

ይህ ጸሐፊ የክትትል ነጥብ መስጫ ቅጹን ይዞ በዳር ቆሞ ነበር። ቅጹ ላይ «መምህሩ ለተማሪዎች እንቅስቃሴውን በትክክል ሠርቶ ያሳያል» የሚል መስፈርት ተጽፎበታል። ሠልጣኙ ሠርቶ አላሳየም፤ አንዱን ልጅ ጠርቶ በቃል እየመራ አሠራው። ትምህርቱ ግን ለልጆቹ ደርሷል። መስፈርቱ የጻፈውን ሰው አሳብ እንጂ የማስተማርን ጠባይ የሚለካ አልሆነም።

ስለ ምዘና

ከዚህ በመነሣት ምዘናን በሚመለከት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ማስማማት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዚህ ላይ ነውና። መምህሩ በትምህርቱ ጊዜ ሠልጣኙን አሳትፎ፣ ነጥብ መስጠት ሲመጣ ለሁሉ በወጣው የ100 ሜትር ሰዓት ሰንጠረዥ ቢለካው፣ ሠልጣኙ ይወድቃል። ይህን በመፍራት ደግሞ በነፃ ነጥብ ቢሰጠው፣ ያ ነጥብ ልመና ነው። ትክክለኛው መንገድ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሠልጣኙ ያለበትን ደረጃ መመዝገብ፣ ከዚያም ከራሱ መነሻ ምን ያህል እንደ ተራመደ መለካት ነው። በክራንች የሚሄድ ሠልጣኝ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር እንደ ሄደ በመጀመሪያው ሳምንት ይጻፍ፤ በመጨረሻውም ሳምንት በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት ይደገም። ከዚህ በተጨማሪ ለሁሉም ሠልጣኞች አንድ የሆነ መለኪያ አለ፤ እርሱም ትምህርቱን አቅዶ ለሌላ የማስተማር ችሎታ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ትልቁን ድርሻ መያዝ ያለበት ይህ ነው። ሰዓቱና ርቀቱ ብዙ ነጥብ የሚይዝበት ምክንያት ለዚህ ጸሐፊ ተገልጦለት አያውቅም፤ ለጤናማዎቹም ቢሆን።

ጥንቃቄ የሚሻው

ነፃ ማድረግ ስሕተት ነው ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። ከፍተኛ የቅርብ እይታ ችግር ወይም የዓይን ግፊት ያለበት ሠልጣኝ ከመዝለልና ራስን ወደ ታች ከመዘቅዘቅ በፊት የዓይን ሐኪም ምክር ያስፈልገዋል፤ ጭላንጭል የቀረው ዓይን በአንድ መናጥ ሊጠፋ ይችላል። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው የታችኛው አካሉ ስለማይሰማው በጠጣር መሬት ላይ ብዙ ሲቀመጥ ሳያውቀው ይቆስላል፤ በየጥቂቱ በእጁ ተደግፎ መነሣትና ለስላሳ ነገር ከሥሩ ማድረግ አለበት። በልጅነት ልምሻ የሰለለ ጡንቻ ከመጠን በላይ ቢደክም አይጠነክርም፤ ይልቁን ይዳከማል። ቀኑን ሙሉ በክራንች የሚሄድ ሰው ትከሻ አስቀድሞ የደከመ ስለሆነ ፑሽ አፕ ብዙ ጊዜ እንዲደጋግም ማዘዝ ደግ አይደለም። አልቢኒዝም ላለባቸው የደጋ ፀሐይ ጠንካራ ናት፤ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ለብሰው በማለዳው ክፍለ ጊዜ ቢመደቡ ይሻላል።

የአገሩም ከፍታ መታሰብ አለበት። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ሳጉሬና በቆጂም ደጋዎች ናቸው። ከስምጥ ሸለቆው ቆላ የመጣ ሠልጣኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ይደክመዋል። በክራንች መሄድ በሁለት እግር ከመሄድ እጅግ የበለጠ ጉልበት ስለሚፈጅ፣ ሁለቱ ሲደራረቡ የዕረፍቱ ጊዜ መርዘም ይኖርበታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መምህሩ ሠልጣኙን ራሱን መጠየቅ አለበት። ሰውነቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች

የሕጉ መሠረት የተጣለ ስለሆነ በዚያ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በትምህርት ቤት ያለውን ጨምሮ በጨዋታና በስፖርት ከሌሎች ጋር በእኩልነት እንዲካፈሉ ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት፣ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕንፃዎችን ለአካል ጉዳተኞች አመቺነት ይመለከታል።

የቀረው በኮሌጁ ውስጥ የሚሠራው ነው። ስለ ተስማሚ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ጊዜ በልዩ ፍላጎት ኮርስ ውስጥ በአንድ ምዕራፍ ተጠቃሎ በክፍል ውስጥ በቃል ይነገራል። ይህ ምዕራፍ ወደ ሜዳው መዛወር አለበት፤ የሚያስተምሩትም የልዩ ፍላጎትና የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን በአንድነት ሆነው ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ጉዳቱን፣ ሌላው ጨዋታውን ያውቃልና። የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣው ክፍል አካል ጉዳተኞቹን ለብቻ ሰብስቦ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከመመደብ ይቆጠብ። እንዲህ ሲደረግ ለአስተዳደር የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ዓይናማው ሠልጣኝ እንደገና ሳያይ ይቀራል። ከመማሪያ ክፍል እስከ ሜዳ፣ ከሜዳም እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው መንገድ በክረምት እንዲያስኬድ ጠጠር ይፍሰስበት። ለመሣሪያ የሚጠየቀው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ገመድ፣ ችካል፣ ጨርቅ፣ ቆርኪ፣ የዓይን መሸፈኛ። ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት በዚህ ጉዳይ ላይ አይሠራም።

የነፃነት ወረቀቱን በተመለከተ፣ ጸሐፊው ፈጽሞ ይቅር አይልም። በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ ከሜዳ መራቅ የሚገባው ሠልጣኝ አለ፤ ጤናማውም ቢሆን እግሩ ሲሰበር ይርቃል። ነገር ግን ወረቀቱ አሁን ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ነፃ ይሁን ወይስ አይሁን?» የሚል። በዚህ ፈንታ ሠልጣኙ ራሱ በሚገኝበት ስብሰባ የሚሞላ፣ የትኛው እንቅስቃሴ እንዳለ እንደሚሠራ፣ የትኛው ምን ተለውጦበት እንደሚሠራ፣ የትኛው በምን ምክንያትና እስከ መቼ እንደሚቀር፣ ምዘናውም ከየትኛው መነሻ እንደሚጀምር የሚጠይቅ ቅጽ ቢዘጋጅ ይሻላል። ቅጹ ከሴሚስተሩ የመጀመሪያ የሜዳ ክፍለ ጊዜ በፊት መሞላት አለበት። ሠልጣኙ አንድ ጊዜ በዳር ከተቀመጠ በኋላ እንዲነሣ መጠየቅ ለእርሱም ለመምህሩም ከባድ እንደሚሆን በእኛ ዘንድ ታይቷል።